ጥሪውን ሁሉም ይሰማል፣ የተሸጠበትን ግን ማን ያውቃል?

አክስቴ ቤቷን ለመሸጥ የወሰነችው በመስከረም 2017 ነው። ኮተቤ አካባቢ ያለ፣ 175 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏል። ምድር ላይ ያለ አነስ ያለ ኮንዶሚኒየም ገዝታ፣ በተረፈው ገንዘብ ተረጋግታ ለመኖር ነበር ሐሳቧ።

ዋጋውን የቆረጠችው ቡና ላይ ነው። ጎረቤቷ «ከታች ያለው ቤት 30 ሚሊዮን ተጠርቷል» አለቻት። የአክስቴ ቤት ደግሞ ከዚያኛው ይሻላል። ሴራሚኩ አዲስ ነው፣ ሮቶ አለው፣ ሰርቪሱም ሰፊ ነው። «እንግዲያው የእኔ 32 ነው» አለች። በዚያው ለደላላ ተነገረ።

ቤቱ የተሸጠው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው። በ24 ሚሊዮን ተኩል። በሁለተኛው ወር አንድ ሰው 24 ብሎ ጀምሮላት ነበር። በሆዷ ተቆጥታ ሸኘችው። ሰውየው ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከእሷ ብዙም የማይለይ ቤት በ26 ገዛ። ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው። ከታች ያለው ባለ 30 ሚሊዮኑ ቤትስ? አክስቴ ቁልፍ ስታስረክብ እሱ ገና ገዢ አላገኘም ነበር።

አክስቴን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። ያደረገችው አብዛኞቻችን የምናደርገውን ነው። አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ሀብት ብዙ ጊዜ ቤቱ ብቻ ነው። እሱን የምንሸጠው ደግሞ በሰማነው ወሬ ነው። ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

ሁለት ዋጋ

በአዲስ አበባ አንድ ቤት ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ጥሪው፣ ማለትም ሻጩ የሚጠይቀው ነው። ሌላው የተሸጠበት ነው። ጥሪውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደላላ ይናገረዋል፣ ቴሌግራም ላይ ከነፎቶው ይለጠፋል። የተሸጠበትን ግን የሚያውቁት ሻጭ፣ ገዢና ደላላው ናቸው። ሦስቱም ዝም የሚሉበት ምክንያት አላቸው።

ሻጭ ዘመድ እንዳይሰማበት ይደብቃል። ገዢም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ውሉ አለ። ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። ግብሩንና የስም ማዛወሪያ ክፍያውን ለመቀነስ ተብሎ ነው። ከተማው ይህን ስለሚያውቅ የውሉ ዋጋ ሲያንስበት በራሱ ግምት ያስከፍላል። እንግዲህ ውሉም እውነቱን አይናገርም፣ የከተማው ግምትም የገበያውን ዋጋ አይናገርም። በሌላ አገር ሰው ኮምፒዩተር ከፍቶ «የጎረቤቴ ቤት ባለፈው ወር ስንት ተሸጠ?» ብሎ ያያል። እኛ ጋ እንዲህ የሚታይ መዝገብ የለም።

ውጤቱ ምንድን ነው? ጥሪ በጥሪ ላይ ይቆለላል። አንዱ 30 ይላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰምቶ 32 ይላል። ሦስተኛው 34። ሦስቱም አልተሸጡም። አራተኛው ሰው ግን «በእኛ ሰፈር ቤት ከ30 በላይ ነው» ብሎ ያምናል። ያልተሸጠ ቤት ዋጋ አያሳይም። የሚያሳየው የባለቤቱን ምኞት ነው።

አክስቴ የጠራችበት ወቅት ደግሞ ለዚህ ስሕተት የተመቸ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በየቡናው የሚወራው አንድ ነገር ነበር፦ «ዶላር እጥፍ ሆኗል፣ ቤትም እጥፍ ይሆናል»። ብረትና ሴራሚክ ስለሚወደድ አዲስ ቤት መሥራት ይወደዳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የገዢው ደመወዝ እጥፍ አልሆነም። የነጋዴውም ካዝና እንዲሁ።

ባንኩም ቢሆን እጁ ታስሮ ነበር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። በዋጋ ንረቱ መጠን ሲታይ ይህ ጠባብ ነበር። ባንክ የሚያበድረው ሲያጥረው ቤት ገዢ ብድር አያገኝም። ያኔ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ይህ ሰው ጥቂት ነው፣ እንደ ልቡም ይመርጣል። በአንድ በኩል ጥሪ ወደ ላይ ሮጠ፣ በሌላ በኩል ከፋይ ቀነሰ። በመሃል የተፈጠረው ክፍተት ነው «የማይረባ ዋጋ እየሰጡ አስቸገሩኝ» የሚያሰኘው።

በሰኔ 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ ሲያጸድቅ ደግሞ ሌላ ተስፋ መጣ። «ፈረንጅ ሊገዛ ነው» ተባለ። የውጭ ዜጋ ለቤት ማውጣት ያለበት መነሻ 150 ሺህ ዶላር ነው። ፈረንጅ መጥቶ ኮተቤ ውስጥ ውስጡን ገብቶ የሃያ ዓመት ቤት ይገዛል ብዬ ግን እኔ አልጠብቅም። በዚህ ተስፋ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭ ራሱን ይጎዳል ባይ ነኝ።

መንግሥት መሬት የሚያስተላልፍበት የሊዝ ጨረታም እንዲሁ ያሳስታል። ጋዜጣ ላይ «በካሬ ይህን ያህል ቀረበ» ሲባል ሰው የራሱን ካሬ ያባዛል። የሊዝ ተጫራች ግን አንዱን ክፍል ብቻ አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በዓመታት ይከፍላል። እናንተ የምትፈልጉት ሙሉውን በአንድ ቀን ነው። የሚባዛው ቁጥር ያው አይደለም።

እውነተኛውን ዋጋ እንዴት ይደርሱበታል?

መጀመሪያ የምትጠይቁትን ሰው ምረጡ። ሻጭ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በቅርብ የገዛ ሰው ግን የተሻለ ምስክር ነው፤ በተለይ ካያቸው ቤቶች ውስጥ ስንቱን በስንት እንደተከራከረ ስትጠይቁት። አንድ ዓመት ያልሞላው ገዢ የሰፈሩን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለት ወር ሙሉ ሲዞር ከርሟልና።

ደላላን «ቤቴ ስንት ያወጣል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ቤቱን ለመያዝ ሲል ደስ የሚላችሁን ቁጥር ይነግራችኋል። ይልቅ «ባለፉት ስድስት ወራት እዚህ ሰፈር ያሻሻጥከውን ንገረኝ። ስንት ተጠርቶ በስንት ወጣ? ምን ያህል ጊዜ ቆየ?» በሉት። ሦስት ደላላ ለየብቻ ጠይቁ። የሦስቱ መልስ ሲገናኝ ያ ቁጥር ክብደት አለው። በሥራቸው የሚኮሩ፣ እውነቱን የሚናገሩ ደላሎች አሉ። በዚህ ጥያቄ ትለዩአቸዋላችሁ።

የባንክ ሐራጅም ጥሩ ምልክት ነው። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ዕዳው ያልተከፈለበትን መያዣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ቦታው፣ ካሬው፣ መነሻ ዋጋው ተጽፎ። መነሻው ዝቅተኛ ነው፤ ወለሉን ያሳያችኋል። የባንክ መሐንዲስ ግምትም አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ያንሳል። ሆኖም ገዢያችሁ በብድር የሚገዛ ከሆነ የእሱን አቅም የሚወስነው ይኸው ግምት ነው።

ኮንዶሚኒየም ለሚሸጥ ሰው ነገሩ ይቀላል። ተመሳሳይ ቤት በዚያው ብሎክ ውስጥ አለ። የመኝታው ብዛት፣ ፎቁና ጥጉ ከታወቀ ዋጋው ብዙ አይለያይም። ሊፍት በሌለው የ20/80 ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅና ምድር ቤት አንድ እንዳልሆኑ ደግሞ ጉልበቷን ያመማት አክስቴ በደንብ ታውቀዋለች። የቀረ የባንክ ዕዳ ካለ፣ ወይም ለመሸጥ የተከለከለው አምስት ዓመት ካልሞላ፣ ዋጋ ከመጥራት በፊት እሱ ይጣራ።

ግቢ ላለው ቤት አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። በሰፈሩ በእርግጥ መሸጣቸውን ያረጋገጣችኋቸው ሦስት ቤቶች አሉ እንበል። በ170 ካሬው 23 ሚሊዮን፣ በ180 ካሬው 25፣ በ200 ካሬው 26 ሚሊዮን ተሸጠ። በካሬ ሲከፈል 135 ሺህ፣ 139 ሺህና 130 ሺህ ይሆናል። የእናንተ 175 ካሬ ከሆነ ከ22.75 እስከ 24.3 ሚሊዮን ያመጣል። ፊኒሺንጉ ከነዚያ የተሻለ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። አስፋልት ዳር ከሆነ ጨምሩ። መኪና የማያስገባ ቅያስ ውስጥ ከሆነ ቀንሱ። አሁን 32 ከየት መጣ ብላችሁ ራሳችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለሴራሚክና ለኪችን ካቢኔት ያወጣችሁትን በሙሉ ጨምራችሁ አትጥሩ። ገዢው ሴራሚኩን ሊያነሳው ይችላል። ልጆቻችሁ ያደጉበት ቤት መሆኑ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው፤ ልብ ይነካል፣ ይገባኛል። ገዢው ግን ለእሱ አይከፍልም።

ወረቀቱም ዋጋ አለው

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የምንሸጠው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ካርታው ራሱ ከቤቱ ዋጋ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ? በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ለገዢው ይህ ተጨማሪ ወጪ ነው። ያወቀ ገዢ ከዋጋው ላይ ይቀንሰዋል። ያላወቀ ደግሞ ሲያውቅ ሊጣላችሁ ይመጣል። አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ካርታው በሟች ባል ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ይቅደም። ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት ከሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ግቢው በካርታው ላይ ካለው ካሬ ሰፍቶ ከሆነ ትርፉን ካሬ እንደ ሀብት አትቁጠሩት። መንገድ ይነካው እንደሆነም ወረዳ ሄዶ ማጣራት ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ገዢ በግድግዳ ስንጥቅ ምክንያት የሚቀንሰው ጥቂት ነው። በወረቀት ጉድለት ግን ሚሊዮኖች ይቀንሳል፣ ወይም ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል።

ወጪዎቻችሁንም አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ለስም ዝውውሩ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። የከተማው የአገልግሎት ክፍያም አለ። እነዚህን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ገዢ ነው፤ ቢሆንም በድርድር የሚዞር ነገር ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ባለቤቱ ለኖረበት ቤት የተለየ አያያዝ አለው። የእናንተ ቤት የቱ ውስጥ እንደሚወድቅ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ። የደላላ ኮሚሽን በተለምዶ ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ ነው። በ25 ሚሊዮን ላይ ይህ ግማሽ ሚሊዮን ብር ነው።

ትንሽ ትርፍ ይዞ መጥራት

በእኛ አገር ያለ ክርክር ቤት አይገዛም። «አንድ ዋጋ» ያለ ሻጭ አይታመንም፤ ገዢም ሳያስቀንስ ከገዛ የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ መከራከሪያ ያስፈልጋል። ጥያቄው ስንት ነው ነው። እኔ ከ5 እስከ 8 በመቶ እላለሁ። 24 የምታስቡ ከሆነ 25 ተኩል ጥሩ። 32 አይደለም።

ለምን መሰላችሁ? 25 ሚሊዮን የያዘ ሰው ለደላላው አቅሙን ይናገራል። ደላላውም 32 የተጠራውን ቤት አያሳየውም። ትክክለኛው ገዢ በርዎን ሳያንኳኳ አለፈ ማለት ነው። የሚመጣው 32 የያዘው ነው። እሱ ደግሞ በ32 የተሻለ ቤት ሌላ ቦታ አይቷል። ያንን አይቶ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ያነጻጽራል፣ ሄዶ ያንን ይገዛል። ቤታችሁ የሌላውን ቤት ማሻሻጫ ሆነ።

ጊዜውም ይበላል። ሦስት ወር ገበያ ላይ የቆየ ቤት «ምን ሆኖ ነው ያልተሸጠው?» ይባላል። ወረቀቱ ችግር አለው ይሆን? ክስ አለበት? ሰፈሩ ያወራል። ለአሥር ደላላ አሥር ዋጋ የተነገረ ቤት ደግሞ የባሰ ነው። አንዱ ቴሌግራም ላይ 32፣ ሌላው 29 ብሎ ይለጥፈዋል። ገዢው ሁለቱንም አይቶ ከ29 በታች ይጀምራል። ለሁሉም አንድ ቁጥር ስጡ።

ከደላላ ጋር «ለእኔ 25 አምጣልኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ያንተ ነው» የሚል ስምምነትም አልወደውም። ደላላው በ30 ይጠራዋል። 26 ይዞ የመጣ ገዢ እናንተ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። እናንተም የምትሰሙት «ገበያው ሞቷል» የሚለውን ብቻ ነው።

ዝቅ ያለ ዋጋ ሲመጣ

አሁን ወደ ሁለተኛው ወር፣ ወደዚያ ሰውዬ እንመለስ። መጀመሪያ ብቻውን መጣ። በሳምንቱ ባለቤቱን ይዞ መጣ። በሦስተኛው ግንበኛ አምጥቶ ጣሪያውን አሳየ። የካርታውን ኮፒ ጠየቀ። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ «ማዘር፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ 24 እሰጣለሁ» አለ። አክስቴ ፊቷ ተለወጠ። «ቤቴን ሰደበው» አለችኝ በኋላ። ሰውየውን በአክብሮት ሸኘችው፣ ቁጥር ግን አልመለሰችለትም።

እኔም ያኔ አልገባኝም ነበር። ሦስት ጊዜ የተመላለሰ፣ ሚስቱን ያመጣ፣ ለግንበኛ የከፈለ ሰው ሊሳደብ አይመጣም። 24 መጀመሪያው ነበር። 26 ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ሌላ ቤት ገዝቶ አሳየን። እሷ የሰማችው ስድብ ነው። እሱ ያቀረበው ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ዝቅ ያለ ዋጋ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት ሰውየውን ማየት ያስፈልጋል። ቤቱን ሳያይ በደላላ ስልክ «18 የሚል ሰው አለ፣ ልንገረው?» የሚባለው ሙከራ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውየውም የለም። ደላላው የእናንተን መጨረሻ ሊያውቅ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ «መጥቶ ይየው።» በዚያው ስልክ «ቁርጡን ንገሪኝ» ሲባልም ያው ነው። ገና ያላየ ሰው ቁርጥ ዋጋ ከነገራችሁት ያ ቁጥር የክርክሩ መጨረሻ መሆኑ ይቀርና መጀመሪያ ይሆናል።

በባንክ ብድር የሚገዛው ደግሞ ሌላ ነው። ዝቅ ያለው ቁጥሩ ክርክር ላይሆን ይችላል፤ አቅሙ እዚያ ያበቃል። «ባንኩ ስንት ፈቀደልህ? ከኪስህስ ስንት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብድሩ የተፈቀደለትና ገና ሊጠይቅ ያሰበ ሰው አንድ አይደሉም። ገና ሊጠይቅ ላሰበው ቤቱን ይዛችሁ አትጠብቁ።

እጅ በእጅ የሚከፍለው ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፤ ጉልበቱን ያውቃልና። ይህን ሰው በቁጣ አትመልሱት። «እንዴት 24 አልክ? የትኞቹን ቤቶች አይተሃል?» በሉት። ሲያስረዳ አድምጡ። ወይ የማታውቁትን ሽያጭ ይነግራችኋል፣ ወይ ምክንያት እንደሌለው ራሱም ይሰማዋል። ከዚያ የእናንተን ሦስት ቤቶች ጥሩለት። ካሬውን፣ ዋጋውን። «ይመስለኛል» ከሚል ሻጭ ጋር መከራከር ቀላል ነው። ማስረጃ ካለው ጋር ግን ይከብዳል።

ስትቀንሱም በአንዴ አትቀንሱ። ከ25 ተኩል ወደ 23 የወረደ ሻጭ «ገና አለ» ያሰኛል። 25 ተኩል፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 24.8 ስትሉ ርምጃው እየጠበበ ወለሉ መቅረቡን ይናገራል። ለእያንዳንዱ ቅናሽ ደግሞ ምትክ ጠይቁ። 300 ሺህ ልቀንስ፣ ግን ሁለት ወር ቤቱ ውስጥ ልቆይ። 200 ሺህ ልቀንስ፣ ግን የስም ዝውውሩን ወጪ በሙሉ አንተ ቻል። ሮቶውና መጋረጃው ይቅርልህ፣ ዋጋው ግን እዚህ ይቁም።

ከቁጥሩ እኩል የሚታየው አከፋፈሉ ነው። 27 ሚሊዮን በሦስት ጊዜ በስምንት ወር፣ ወይስ 25 ሚሊዮን በአንድ ቀን? የብር አቅም በየወሩ በሚወርድበት አገር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በስምንት ወር ውስጥ ገዢው ሊታመም፣ ሊከስር፣ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ያኔ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው።

ዝቅ ያሉት ዋጋዎች ሲደጋገሙስ? እዚህ ላይ ራስን መመርመር ያስፈልጋል። አንድ ሰው 23 ካለ አንድ ሰው ነው። የማይተዋወቁ አራት ሰዎች ከ22 እስከ 24 ካሉ ግን የተናገረው ገበያው ነው። ጭራሽ የሚያይ ካልመጣ ጥሪው በዝቷል። እየመጡ፣ እያዩ፣ ከዚያ ዝም የሚሉ ከሆነ ቤቱ ወይም ወረቀቱ ላይ የሚያሸሽ ነገር አለ። ያን ጊዜ ለደላላው «እውነቱን ንገረኝ፣ ወጥተው ምን አሉህ?» ማለት ነው።

«ቆይቼ እሸጣለሁ፣ ቤት አይወርድም» የሚለውን ብዙ እሰማለሁ። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን የምትሸጡት ሌላ ቤት ለመግዛት ከሆነ የምትገዙትም አብሮ ይወጣል። አክስቴ ያየችው ምድር ቤት ያለ ኮንዶሚኒየም በመስከረም 7 ሚሊዮን ነበር። በነሐሴ 8.2 ሆነ። የራሷ ቤት በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ገዢ አጣ፣ የምትገዛው ደግሞ ተወደደባት። በሁለቱም በኩል ተጎዳች።

ውጭ አገር ሆነው ለሚሸጡ ይህ ሁሉ ይብሳል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ባለቤት ዋጋውን በዶላር ያስባል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ግን የሚከፍለው ብር ነው። የገዢው ቃልም በደላላ፣ ከዚያ በወንድም፣ ከዚያ በስልክ አልፎ ሲደርስ ቁጣ ተጨምሮበት ነው። ወኪላችሁ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ገዢው ስንት ጊዜ እንደመጣና ምን እንደጠየቀ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ውክልናው ላይ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም ይላል። «ዶላሩን እዚያው ልስጥህ» የሚል ገዢ ከመጣ ነገሩ ከሕግ ውጭ ነው። ክፍያውንም በኋላ ማረጋገጥ አይቻልም።

ከተስማሙ በኋላ

ቁጥሩ ላይ ስትስማሙ ቀብድ ይመጣል። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ 24 ላይ ቀብድ ተቀብላችሁ በነጋታው 25 የሚል ሲመጣ መዝለል ያስከፍላል። ልባችሁ ያላረፈበት ቁጥር ላይ ቀብድ አትቀበሉ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም አለበት። እዚያ ላይ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። «ግብር እንዲቀንስ 10 ሚሊዮን ብለን እንጻፍ» ሲባል ብዙ ሰው ይስማማል። ጠብ ከተነሳ ወይም ውሉ ከፈረሰ ግን በእጃችሁ ያለው ማስረጃ 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከ24 ሚሊዮኑ የቀረው 14 ሚሊዮን በቃል ነው። እኔ የማውቀው ቤተሰብ እንዲህ ባለ ነገር ዓመታት ተንከራቷል።

አክስቴ በመጨረሻ የመጣውን ገዢ በሌላ መንገድ ነበር የያዘችው። ሰውየው በ23 ጀመረ። አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ቁጭ በል» አለችው፣ ቡና አፈላችለት። በስንት እንዳሰላው ጠየቀችው። ሁለት ሽያጮች ነገረችው፤ አንዱ የዚያ በሁለተኛው ወር የመጣው ሰውዬ 26 ነበር። ሦስት ቀን ተመላለሱ። 24 ሚሊዮን ተኩል ላይ ሲቆም ሙሉው ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) በአንድ ቀን እንዲሆን፣ የስም ዝውውሩን ወጪ እሱ እንዲችል፣ እሷ ደግሞ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቤቱ ውስጥ እንድትቆይ ተስማሙ። ሲፒኦው ባንክ ተደውሎ እስኪረጋገጥ ድረስ ዋናውን ካርታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር።